የጾመኛው ገበታ

ጀማነህ በሰው ፊት ጥቂት የሚበላ ሰው ነበር። ድግስ ከተጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎርስና እጁን ያነሳል። «ኧረ ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ!» ሲሉት «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሲብስም እስከ ማታ ይጾማል። በፈረንጅ አገር፣ በኮሎምበስ ከተማ ያሉ አበሻ ምእመናን ልጆቻቸውን ሲቆጡ «ጋሽ ጀማነህን አታዩም?» ይላሉ። ዕድሜው ወደ ሰባው ተጠግቷል። ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከከተማው ዳር፣ ዌስተርቪል ውስጥ ቤት አለው። ሚስቱ ማንያህልሻል ከሞተች ሁለተኛው ክረምት ነው።

ይህ ሰው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ይበላ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ሁለተኛ ፍሪጅ አለ። ማንያህልሻል በዓል ሲደርስ ሥጋና ዶሮ የምታስቀምጥበት ነበር። ጀማነህ የጋራዡን በር ይዘጋል፤ መብራቱን ሳያበራ ፍሪጁን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሱም በደንብ አያውቀውም። የተረፈ ፓስታ ሳይሞቅ፣ እንጀራ ከላስቲኩ እየቀደደ፣ የለውዝ ቅቤ በማንኪያ፣ ዳቦ፣ ደግሞ ዳቦ። ጣዕሙን አይለየውም። ሆዱ በቃኝ ይላል፣ እጁ አይሰማም። ሲጨርስ ትንፋሹ አጥሮ መኪናው ላይ ይደገፋል። ከዚያ ላስቲኩንና ካርቶኑን ሰብስቦ በጥቁር ከረጢት ይቋጥርና፣ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን እስኪደርስ ከበረዶ አካፋው ጀርባ ይደብቀዋል። ልጁ ሰሎሜ እዚያው ከተማ፣ ክሊንተንቪል ነው የምትኖረው፤ ድንገት ብቅ ብትል እንዳታይ ነው።

በማግስቱ ይጾማል። ዘጠኝ ሰዓት የነበረውን ወደ አሥራ ሁለት ይገፋዋል። ቀጣሁት ብሎ ያስባል፣ ይህን ሆድ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን እግሩ ወደ ጋራዡ ያመራል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም።

በስደት ገዳሪፍ ከርመው መጀመሪያ ኮሎምበስ የገቡ ጊዜ ሞርስ ሮድ ከሚባለው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተው ነበር። መኝታ ቤቱ የጀማነህና የማንያህልሻል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ጓደኛቸው ዘካርያስና ሦስት ሌሎች ወንዶች በተርታ ይተኛሉ። ስድስት ካፖርት በአንድ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ሁሉም የሥራ ፈረቃቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ ከፍራሹ ላይ የሰው ሙቀት ሳይለቅ ሌላው ይተኛበታል። እሁድ ማታ ግን ሁሉም ይገናኛሉ። የቴሌቪዥን ካርቶን ይገለበጥና፣ ማንያህልሻል ከአሮጌ ዕቃ መደብር የገዛችው ትልቅ ትሪ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ አንድ ጎኑ የተላጠ ትሪ ነው። ስድስት ሰው ሲከበው ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። ውጭ በረዶው ይወርዳል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ ከላይ ያለው ጎረቤት የበርበሬው ሽታ አስነጥሶት ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። እነሱ ይስቃሉ።

በዚያ ትሪ ዙሪያ ሕግ ነበር። በሌላው ፊት ያለውን ማንም አይነካም። ቀድሞ እጁን ያነሳ ሰው ደግሞ ዝም ተብሎ አይለቀቅም። «በሞቴ!» ይባላል፣ ይጎርሳል። «በቃኝ» ቢል ማንም አያምነውም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል፣ ደግሞ ይጎርሳል።

ከዚያ ሁሉም ቤት ገዛ፣ ተበታተነ። አንዱ ቴክሳስ ሄደ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ከተማ እያለ ጠፋ። ቤቱ ሰፋ፣ ትሪው ወደ ቤዝመንት ወረደ። ማንያህልሻል እስካለች ድረስ ግን ገበታው ሁለት ሰውም ቢሆን ገበታ ነበር። እሷ ስትሞት ቀረ። አሁን ሰው ቤት ሄዶ እጁን ሲያነሳ «ይብሉ እንጂ» ይሉትና ይተዉታል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። አገሩ «አልፈልግም» ያለን ሰው ማመን አስተምሯቸዋል።

በዚያ መኸር ስኳሩ ከፍ አለና ሰሎሜ አፖይንትመንት ይዛ ወሰደችው። እሷ ውጭ ቀረች፤ ሐኪሟ ለብቻው አስገባችው። ወጣት ፈረንጅ ናት፣ ዓይኗ ሰው ላይ ይቆያል። አስተርጓሚ በስልክ ቀረበች። ሐኪሟ ጥያቄዋን ጠየቀች፣ ከስልኩ ለስለስ ያለ የአገር ልጅ ድምፅ መጣ።

«አባቴ፣ ዶክተሯ ሰው በማያይዎት ጊዜ፣ ማቆም እስኪያቅትዎት ድረስ የሚበሉበት ጊዜ አለ ወይ ነው የምትለው።»

ጀማነህ ለፈረንጇ ቢሆን ይነግራት ነበር። ፈረንጅ ነገ አያገኘውም። ይህች «አባቴ» የምትለው ግን የማን ልጅ እንደሆነች አይታወቅም። እሁድ ቅዳሴ ላይ ከኋላው ቆማ ይሆናል።

«የለም» አለ። «እኔ ጾመኛ ነኝ።»

ሐኪሟ ትንሽ አየችው። ከመሳቢያዋ ስስ መጽሐፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አባቴ፣ ይህ የታወቀ ሕመም ነው ትላለች። የፈቃድ ማነስ አይደለም። ከባለሙያው ጋር ለመገናኘት ተራው ረጅም ስለሆነ፣ እስከዚያ ሰው በራሱ ሊጀምረው የሚችል መንገድ ነው። ለእርስዎ ባይሆን ለሚያውቁት ሰው ይስጡት ትላለች።»

«ለማውቀው ሰው እሰጠዋለሁ» አለ ጀማነህ፣ ተቀበለ።

ሰሎሜ መኪናው ውስጥ «ዋት ዲድ ሺ ሴይ፣ ዳድ?» አለችው።

«ስኳር ቀንስ አለች።»

«ዛትስ ኢት?»

«ሌላ ምን ትበል?»

መጽሐፉን በስልኩ እየተረጎመ ቀስ በቀስ አነበበው። ነገሩ ቀላል ነው። በሰዓትህ ብላ ይላል፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሐል ደግሞ ጥቂት ነገር። ሆድህን ከአራት ሰዓት በላይ ባዶ አታቆየው። ተቀምጠህ፣ ከሳህን ብላ። ጉጉቱ ሲመጣ እንደ ማዕበል ይወጣል፣ ይወርዳልም፤ እስኪወርድ ውጣና ተራመድ፣ ለሰው ደውል። ጉጉቱ አሸንፎህ የበላህ ዕለት ደግሞ፣ በማግስቱ ራስህን በረሃብ አትቅጣ፤ መልሶ የሚጥልህ ረሃቡ ነው።

የመጨረሻዋን ሲያነብ ሳቀ። «ጾም የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው» አለ። ሌላውን ሊሠራበት አሰበ፣ ያቺን ተዋት።

በፍስክ ቀን ተሳካለት። ጧት ሳህን አቅርቦ፣ ማንያህልሻል ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላል። ጉጉቱ ሲመጣ ካፖርቱን ለብሶ ይወጣል። ዌስተርቪል ውስጥ በክረምት በእግሩ የሚሄድ ሰው ስለሌለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ባየው ቁጥር መኪናውን ያቆማል።

«ጋሼ፣ መኪናዎ ተበላሸ እንዴ? ራይድ ልስጥዎት?»

«አልተበላሸም። እየሄድኩ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደዚያ።»

ግራ ተጋብተው ይሄዳሉ። እሱም ማዕበሉ ወርዶለት ይመለሳል። አንዳንዴ በዚያ በረዶ ላይ ሲራመድ ማንያህልሻል ከጎኑ ያለች ይመስለውና፣ እንደ ድሮው ከመንገዱ ወደ ውስጥ በኩል ቦታ ይተውላታል።

የገና ጾም ገባ። ጾሙ በየቀኑ ስለሆነ ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር የቁርሱ ሳህን ከጠረጴዛው ጠፋ። በሳምንቱ ጋራዥ ገባ። በማግስቱ እስከ ማታ ጾመ፤ ማታውን መልሶ ገባ። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቆሞ ሲያስቀድስ ጉንጩ መክሳቱን ያዩ ሴቶች «ጾም እንዲህ ነው እንጂ» ተባባሉ። ሰማቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር በዚያ ዓመት ተራው የሱ ነበር። የሚሰበሰቡት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ብርነሽ፣ መጣች። አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ ዳቦ በመጋገር ግን ሞርስ ሮድን የሚያክል ስም አላት። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ በሁለት እጇ ታቅፋ፣ በሩን በክርኗ መታችው።

«ጋሼ፣ ነገ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ፣ እሁድ ደግሞ በቀጥታ ከቅዳሴ ነው የምመጣው። የማኅበሩን ዳቦ ከአሁኑ ላኑርልዎት። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይሁን።»

«ጋራዡ ይቀዘቅዛል።»

«እዚያ ይሁን። ሌላ ቤት ባስቀምጠው ልጆች ይቦጭቁታል። እርስዎ ቤት ምን ይነካዋል!»

ጥቁር አዝሙዱ ከጨርቁ ውስጥ ይሸታል። ጀማነህ ከጧት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰም ነበር። ብርነሽን ሸኝቶ ቤት ገባ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ካፖርቱን ፈለገ። ካፖርቱ ግን ጋራዡ በር ላይ ነው የተሰቀለው።

ከዳሩ ትንሽ ቆረሰ። የተቆረሰው እንዳይታወቅ ጎኑን አስተካከለ። ማስተካከሉ ሌላ ማስተካከል አመጣ። ውጭ ሲጨልም የድፎው ግማሽ አልነበረም።

ቅዳሜ ጧት ሞርስ ሮድ ሄደ። ከአበሻ ሱቆች በአንዱ መደርደሪያ ላይ ድፎ አገኘ። መጠኑ ይመሳሰላል፣ መልኩም ያንኑ ይመስላል። አንስቶ አየው። በብርነሽ ጨርቅ ቢጠቀልለው ምናልባት እሷ ታውቅ ይሆናል፣ ሌላው ግን አያውቅም። ስሙ እንደነበረ ይኖራል። እሱም እስከ ማታ ጾሞ ይክሰዋል። ከዚያ ምን እንደሚመጣም ያውቀዋል። ዳቦውን ወደ መደርደሪያው መለሰና ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ለሰው ደውል የሚለው ትዝ አለው። ሊደውልለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዘካርያስ ያኔ ሳሎን ውስጥ ይተኛ የነበረው ጓደኛው ነው። አሁን ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ጴንጤ ከሆነ ቆይቷል፤ በዚህ የተነሳ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል፣ ተጣልተው ግን አያውቁም። ሲደውልለት «ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነኝ፣ መጣሁ» ብሎ ብዙም ሳይቆይ መኪናውን ከጎኑ አቆመና ወደሱ መኪና ገባ።

«ምን ሆነሃል? ድምፅህ ሙት ሙት አለኝ።»

«በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ።»

«ይኸው ዘጋሁት። ተናገር።»

«የማኅበሩን ዳቦ በላሁት።»

«የምን ዳቦ?»

«የነገውን። የገብርኤልን። ግማሹን።»

ዘካርያስ ሳቅ አመለጠው። «አንተ ባሕታዊ! እኔ መናፍቁ እንኳ ያላደረግኩትን! ገብርኤል ይቅር ቢልህ ብርነሽ አትምርህም።»

ጀማነህ አልሳቀም። ዘካርያስ ፊቱን አየና ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ጀማነህ ሁሉንም ነገረው። ፍሪጁን፣ ጨለማውን፣ ከአካፋው ጀርባ ያለውን ከረጢት፣ ስልክ ውስጥ ላለችው ልጅ የዋሸውን፣ ከሐኪሟ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ያኖረውን መጽሐፍ። ሲናገር የሚያየው ወደ መስታወቱ ነበር። የሱቁ ደንበኞች ዕቃቸውን እየገፉ ያልፋሉ።



«ያኔ» አለ ዘካርያስ፣ በጣቱ ወደ መንገዱ ማዶ እያሳየ፣ «እዚያ ቤት ሳለን ቀድሞ እጁን የሚያነሳው ማን ነበር?»

«ረሳሁት።»

«አልረሳህም። አንተ ነበርክ። ሁልጊዜ አንተ። እኛ ወጣቶች ነበርን፣ በርትተን እንሠራለን፣ እንዲተርፈን ብለህ ነበር። ማንያህልሻል ታውቅብህ ነበር። ለምን ይመስልሃል በሞቴ እያለች ስትገድልህ የምታመሸው? አንተን የምታጠግብህ እሷ ነበረች፣ በጉርሻ! እኛ እኮ ስናያችሁ እንስቅ ነበር። ‹ባሏን እንደ ሕፃን ታበላዋለች› እንል ነበር።»

ጀማነህ ይህን አያውቅም ነበር። ሚስቱ የምታጎርሰው በፍቅር ብቻ ይመስለው ነበር። ፍቅርስ ሌላ ምንድን ነው? ዓይኑ ሞላ፤ የመስታወቱን ጉም እንደሚጠርግ ሰው እጁን አነሳ።

«ያን መጽሐፍ ስጠኝ እስቲ» አለ ዘካርያስ። ከኪሱ መነጽሩን አወጣ። እንግሊዝኛው ከጀማነህ ይሻላል። ገጹን እየገለጠ ሄደና አንድ ቦታ ቆመ። «ይቺን ለምን ዘለልካት?»

«የቷን?»

«በማግስቱ አትራብ የምትለዋን።»

«እሷ ጾምን ትነካለች።»

«ጾምህን አይደለም የምትነካው። ቅጣትህን ነው።» መነጽሩን አወለቀ። «እኔ ስለ ጾምህ አልናገርም፣ ዕድሜ ልክህን ስትሰድበኝ ኖረሃል። ግን ይኼን ጾም ማን አዘዘህ? የንስሐ አባትህ ናቸው?»

ጀማነህ መጽሐፉን ተቀብሎ ዘጋው። ማንም አላዘዘውም። ለንስሐ አባቱም ተናግሮ አያውቅም።

«ሂድና ንገራቸው» አለ ዘካርያስ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የናንተው ተረት ነው።»

«የናንተው ትላለህ? አንተ ከየት መጣህ?»

«ይኸው፣ ነፍስ ዘራህ» አለ ዘካርያስ፣ ከመኪናው እየወረደ።

እሁድ ማኅበርተኛው ሳሎኑን ሞላው። ቄሱ፣ የጀማነህ የንስሐ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ጸሎት ደረሰ። «ዳቦው ይምጣ» ተባለ። ጀማነህ ጋራዥ ገባ። ሲመለስ የያዘው ያን ባለ ሰማያዊ አበባ ትሪ ነበር፤ ማለዳ ከቤዝመንት አውጥቶ አጥቦታል። ግማሹ ድፎ ጨርቅ ሳይለብስ ላዩ ላይ ተቀምጧል።



«ምን ነካው?» አለች ብርነሽ። «አይጥ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጀማነህ። «ዓርብ ዕለት በላሁት። ሲርበኝ ብቻ አይደለም የምበላው። ቆሜ፣ ተደብቄ እበላለሁ። ከዚያ ደግሞ እጾማለሁ። ጾመኛ የምትሉኝ ይህን ነው። ታምሜያለሁ፣ ሐኪምም ነግራኛለች። በገብርኤል ማኅበር ልዋሽ አልቻልኩም።»

የወለሉ ምንጣፍ ላይ ያለች ሕፃን ብቻ ትንቀሳቀስ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ጀማነህ ትሪውን እንደያዘ ቆመ።

ቄሱ ቀረቡና ትሪውን ከአንድ ጎን ያዙለት።

«ዳቦው ግማሽም ቢሆን ይባረካል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰማ። «ለታመመ ሰው ሰዓት ይነሣለታል፣ ጀማነህ። ይህን መጀመሪያ ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር። ሥጋና ወተት አትቀምስም። ጧት ግን ትበላለህ። ቀኖናህ ይህ ነው፤ በጾም ቀን፣ ጧት፣ ሰው እያየህ ትበላለህ።»

«አባ፣ ስግደት ቢያዝዙልኝ» አለ ጀማነህ።

«ስግደትማ ቀላል ነው ለአንተ።»

ብርነሽ እንባዋን በጨርቁ ጫፍ ጠረገችና ወደ ዳቦው ጠጋ ብላ አየችው። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጥቁር አዝሙዱ አልበዛም?»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ግማሹ ድፎ ተባርኮ ተቆረሰ፤ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ደረሰ።

ረቡዕ ጧት ዘካርያስ መጣ። ጀማነህ መጋረጃውን ከፍቶ፣ ትሪውን መንገዱ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ አቅርቦ ነበር። ሽሮ ሠርቷል። አንድ የማኅበሩ ሰው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ በፊት ለፊት አለፈ፤ ቀስ አለ፣ አየ፣ እጁን አውለብልቦ ሄደ። ጀማነህ ጆሮው ድረስ ጋለ። ግን አልተነሳም።

«ጴንጤ ሆኜ በሽሮ ጾም አስገባኸኝ» አለ ዘካርያስ፣ እየጎረሰ።

«ዝም ብለህ ብላ።»

ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ጀማነህ እጁን አነሳ።

«በቃኝ።»

ዘካርያስ አላመነውም። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ። «በሞቴ!»

ጀማነህ የተጠቀለለውን አየ። ማንያህልሻል ከሞተች ወዲህ ሰው አጉርሶት አያውቅም። አፉን ከፈተ። የሽሮው ጣዕም ገባው፤ ጨው ትንሽ አንሶታል።

«አንድ ያጣላል» አለ ዘካርያስ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለ።

ከዚያ በኋላ አልወደቀም ማለት አይደለም። ከገና በፊት አንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ ቆሞ በልቶ ነበር። በማግስቱ ግን ማልዶ ተነሥቶ ቁርሱን በላ፤ ይህም ከሁሉ የከበደው ነገር ነበር።

ያን ረቡዕ ዘካርያስ ከሄደ በኋላ በረዶ ጣለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጀማነህ ጋራዥ ገባ። ፍሪጁ ይንጎራጎራል። መብራቱን አበራ። የበረዶ አካፋውን ከቦታው አነሳ፤ ከጀርባው የተደበቀ ከረጢት አልነበረም። የጋራዡን በር ወደ ላይ ከፈተና በረዶውን ሊጠርግ ወደ ውጭ ወጣ።